ጂሜይል ስትቀይሩ ፎቷችሁ ተከትሏችሁ አይመጣም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓስዎርድ የጠፋበት ሰው ሞባይል ቤት ሲሄድ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ተወው፣ አዲስ ኢሜይል እንክፈትልህ።» መክፈቱማ ቀላል ነው። የዓመታት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና ፋይል ግን አሮጌው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። መጀመሪያ አሮጌውን አስመልሱ። ስትሞክሩም አካውንቱ ሲሠራበት በኖረው ስልክና በተለመደው ቦታ ሆናችሁ ይሁን፤ ጉግል ባለቤቱን ሲያጣራ ይህንንም ያያል።

«አዲሱን ሳስገባ ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል»

አይዞርም። ስልክ ብዙ አካውንት ጎን ለጎን ይይዛል እንጂ የአንዱን ለሌላው አያስረክብም። አልበም ለአዲሱ ሼር ማድረግም ማዛወር አይደለም፤ አሮጌው ሲጠፋ አልበሙም ይጠፋል።

«ስልክ ቁጥሮቼ ሲም ላይ ናቸው»

ብዙ ጊዜ ጂሜይሉ ላይ ናቸው። ኮንታክትስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖርት አድርጉ።

«ፎቶዬ ጉግል ፎቶስ ላይ ስላለ ባክአፕ አለኝ»

ስንት ጊዜ ይነገር! ከአፑ ውስጥ ፎቶ ስታጠፉ ከስልኩም ከአካውንቱም ይጠፋል፤ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆይና ያበቃለታል። «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ከነካችሁ ደግሞ የስልኩ ቅጂ ይጠፋና ብቸኛው ቅጂ አሮጌው አካውንት ላይ ያለው ይሆናል። አፑ ላይ ትንሿ ምስል ስለምትታይ ግን ሰው ስልኬ ላይ አለ ብሎ ያምናል። ኢንተርኔቱን አጥፉና አንድ የቆየ ቪዲዮ ክፈቱ። እምቢ ካለ ስልካችሁ ላይ የለም።

መውጫው ጉግል ቴክአውት (አካውንቱ ውስጥ ያለውን ጠቅልሎ የሚያወርድላችሁ የጉግል ገጽ) ነው፤ በኮምፒውተር ይሻላል። ገጹ ሲከፈት ሁሉም ነገር ተመርጦ ስለሚመጣ መጀመሪያ ምርጫውን በሙሉ አንሱና ጉግል ፎቶስን ብቻ ምረጡ። ዓይነቱ ዚፕ፣ የአንዱ ፋይል መጠን 2 ጊጋ ይሁን። 50 ጊጋ የሚለውን መርጦ በአንድ ፋይል ለመገላገል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መብራት ወይም መስመር ሲቋረጥ የምትከስሩት 2 ጊጋ ብቻ ይሁን። በዚያ ላይ ፋት 32 በሚባለው የቆየ ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ፣ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ነጻው 15 ጊጋ በፎቶ ብቻ የሞላ ቢሆን 8 ፋይል ገደማ ይወጣል።

ሊንኩ በኢሜይል የሚመጣው ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው። ከመጣ በኋላ የሚቆየው ሳምንት ያህል ስለሆነ ጥሩ መስመር ሳታገኙ አትዘዙ። ሲወርድ ቁጥራቸውን ተከትላችሁ አንዱም አለመጉደሉን እዩ፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱ። ከፎቶዎቹ ጋር የጄሰን ፋይሎች (ስማቸው በ.json የሚያልቅ ትንንሽ የጽሑፍ ፋይሎች) ታገኛላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳታጠፏቸው! በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቀን በውስጡ ይዞ አይመጣም፤ ጉግል የመዘገበው ቀን ያለው እነዚህ ፋይሎች ላይ ነው። አልበም ውስጥ የነበረ ፎቶ ሁለት ቦታ ቢገኝም አትደንግጡ፣ በዓመቱም በአልበሙም ፎልደር ስለሚገባ ነው።

«ዋትሳፕ በስልክ ቁጥር ስለሆነ ኢሜይል አይመለከተውም»

ቁጥሩ ለመግቢያ ነው። አንድሮይድ ላይ የቻቱ ባክአፕ የሚቀመጠው ጉግል አካውንት ላይ ስለሆነ፣ ለመመለስ ቁጥሩም አካውንቱም ባክአፑ ሲሠራ የነበሩት መሆን አለባቸው። ስለዚህ ስልኩን ሪሴት ሳታደርጉ ዋትሳፕ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ግቡና የጉግል አካውንቱን ወደ አዲሱ ቀይራችሁ ባክአፕ በሉ፤ እስኪያልቅ ጠብቁ። ባክአፑ ኢንክሪፕት ተደርጎ (በሚስጥር ቁልፍ ተቆልፎ) ከሆነ ፓስዎርዱን ወይም ባለ 64 አሃዙን ቁልፍ ያዙ፤ እሱ ከጠፋ ዋትሳፕም አይከፍትላችሁም።

«ጉግል ድራይቭ ላይ ሼር የተደረገልኝ ፋይል የኔ ነው»

የላኪው ነው። ቴክአውት አያወጣውም፤ አስቀድማችሁ ኮፒ ፍጠሩ።

«ከጨረስኩ አሮጌውን ላጥፋው»

ምን አስቸኮላችሁ? የፌስቡክ መግቢያ፣ የቴሌግራም ባለ ሁለት ደረጃ ፓስዎርድ ማስመለሻ አሁንም እዚያ ኢሜይል ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ቀይሯቸው፣ እስከዚያ አልፎ አልፎ ግቡበት፤ 2 ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ጉግል ሊሰርዘው ይችላል። ስልኩን ሪሴት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አሮጌውን አካውንት ከሴቲንግስ አስወጡት። ሳታስወጡ በሪከቨሪ (ስልኩ ሲነሳ ቁልፎቹን ተጭኖ በሚከፈተው ሜኑ) ሪሴት ካደረጋችሁት ስልኩ ሲነሳ ያንኑ የአሮጌ ኢሜይል ፓስዎርድ ወይም የድሮውን የስክሪን መቆለፊያ ይጠይቃል፣ ካልሰጣችሁትም አያስገባችሁም።