ግሩፕ መክፈት ብቻውን እውቀት መካፈል አይደለም

አዲስ የገባች ሠራተኛ የወሩን ሪፖርት ልትዘጋ ስትል ሲስተሙ እምቢ አላት። በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ጠየቀች። "ባለፈው ተነግሯል፣ ወደ ላይ ብለሽ ፈልጊ" ተባለች። ፈለገች። የልደት መልካም ምኞት፣ የስብሰባ ፎቶ፣ ስቲከር፣ "እሺ"፣ "እሺ"፣ "አመሰግናለሁ"። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዋ አዘነላትና ደውሎ ነገራት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መልሱ ግን በስልክ ተነግሮ እዚያው ቀረ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይጠይቃል።

እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ከጀርባው ያሉት አመለካከቶች ደግሞ ሁሌም ተመሳሳይ ናቸው።

"ግሩፕ አለን፣ ይበቃናል"

በጣም የሚጎዳን ይሄኛው ነው። ግሩፕ ለአሁን ነው። "ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?" ለማለት ከእሱ የተሻለ የለም። ግን መልእክት የሚደረደረው በሰዓት ነው እንጂ በርዕስ አይደለም። ስለዚህ ወርቅ የሆነው መልስ ከሰላምታው ጋር እኩል ወደ ላይ ይሸሻል።

ለሚቆይ ነገር ገጽ ያስፈልጋል፦ ዊኪ (ብዙ ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት ድረ ገጽ)፣ ወይም ሁሉም የሚከፍተው ጉግል ዶክ። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ እ.ኤ.አ. በ1995 የከፈተው ፕሮግራመሮች ልምድ እንዲለዋወጡበት ነበር። ዊኪ የሚለው ስም የመጣው ከሃዋይ ቋንቋ ነው፤ "ፈጣን" ማለት ነው። ፍጥነቱ ያለው ደግሞ ማንም ገብቶ ወዲያው መጻፍ መቻሉ ላይ ነው።

ጥያቄው በግሩፕ ይጠየቅ፤ ችግር የለውም። መልሱ ግን ገጹ ላይ ይጻፍና ሊንኩ ግሩፑ ውስጥ ይላክ። ርዕሱም በጠያቂው አፍ ይሁን። "የሪፖርት አሠራር መመሪያ" የሚለውን የቸገረው ሰው አይፈልገውም። "ሪፖርቱ አልዘጋ ሲል ምን ላድርግ?" ቢባል ግን ያገኘዋል። ፓስወርድና የደንበኛ መረጃ ብቻ ግሩፕም ገጽም ላይ አይቀመጡ።

"የማውቀውን ካካፈልኩ ተፈላጊነቴ ያበቃል"

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። እንጀራ ነውና። ግን የዜሮክስን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኩባንያው ቴክኒሻኖች ኮፒ ማሽን ሲጠግኑ ያገኙትን ዘዴ የሚያካፍሉበት ዩሬካ የሚባል ሲስተም ነበራቸው። አንዱ ዘዴውን ይልካል፣ የሙያ ባልደረቦቹ ይፈትሹታል፣ ካለፈ ከነጸሐፊው ስም ይወጣል። ያካፈለው ሰው አልተረሳም፤ ይልቁንም ስሙ ባልደረቦቹ ዘንድ ታወቀ።

ለኃላፊዎች የምለውም ይኸው ነው። ገጹ ላይ የጻፈው ሰው ስም ይኑር። በስብሰባም "ይህን ያዘጋጀችው እሷ ናት" በሉ። ይህ በሌለበት ቤት ሰው እውቀቱን ቢደብቅ አይፈረድበትም።

"ሁሉም ማረም ከቻለ ይበላሻል"

ዊኪም ሆነ ጉግል ዶክ የለውጥ ታሪክ ይይዛል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይታያል፤ የተበላሸውም በቀላሉ ይመለሳል። እኔ የማየው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው የሌላውን ጽሑፍ መንካት ይፈራል። ስህተቱን አይቶ ያልፋል፣ ገጹም ያረጃል። ያረጀ ገጽ ደግሞ ጭራሽ ካለመኖሩ ይከፋል፤ አምኖት የሚሠራ አለና። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ባለቤት ይኑረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀንም ከላይ ይጻፍ።

"ሁሉም ካልጻፈ ከሽፏል"

አልከሸፈም። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባስቀመጠው የታወቀ ግምት መሠረት በኦንላይን ማኅበረሰብ ከ100 ሰው 90ው ያነባል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው አንዱ ነው። ዝም ብሎ አንብቦ ሥራውን የጨረሰ ሰው ተጠቅሟል።

"ሁሉም ነገር ተጽፎ ያልቃል"

ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳለው ሰው መናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል። የተቆጣ ደንበኛ ማብረድን አስቡት። ወይም ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ድምፁን ሰምቶ ማወቅን። ይህ በጽሑፍ አይያዝም፤ ከሚያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ እጁን ማየት ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ገጹ ላይ የሰውየውን ስም ጽፎ፣ ከሥሩ "ከሰዓት በኋላ ይገኛል፣ ሄዳችሁ ጠይቁት" ማለት ይበቃል።