ዕቃው ለምን ዘገየ? ስለ መዘግየት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ያዘዝነው ዕቃ በቀኑ ካልደረሰ ወዲያው አምራቹን እንወቅሳለን። አንዳንዴ ጥፋቱ በእርግጥም የእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጊዜ የሚበላው ሥራው ሳይሆን ወረፋው ነው።

«ሠራተኞቹ ስለሚያንቀራፍፉ ነው»

አንድ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ማሽን ላይ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቱን ነው። በቀረው ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። ጥሬ ዕቃ እስኪመጣ፣ ማሽኑ ለሌላ ምርት እስኪስተካከል፣ የጥራት ተቆጣጣሪው እስኪያየው። እጅ ማፍጠን ይህን ጥበቃ አይነካውም።

«ማሽኑ ያለ ፋታ ከሠራ ቶሎ ይደርሳል»

ይህኛው ሥራ አስኪያጆችንም ያሳስታል። ትዕዛዝ ተራርቆ፣ በልኩ አይመጣም። አንድ ሳምንት ይጎርፋል፣ አንድ ሳምንት ይቀንሳል። በመሃል ማሽን ይበላሻል። ክፍት ጊዜ ካልተተወ የተጠራቀመው ወረፋ መቃለያ የለውም። በጣም ቀላሉ የወረፋ ስሌት እንኳ ይህን ያሳያል። ማሽኑ ከሥራ ጊዜው 80 በመቶውን ሲያዝ አንድ ሥራ ተራ የሚጠብቀው፣ ለመሠራት የሚፈጅበትን ጊዜ በአማካይ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 እጥፍ ይሆናል። 95 በመቶ ላይ 19 እጥፍ! ስለዚህ «ሁሌም ሙሉ ነን» የሚል ፋብሪካ ቀን ሲቆርጥላችሁ ጠርጥሩ።

«አንዲት ትንሽ ዕቃ ብትጎድል ምን ችግር አለው?»

እ.ኤ.አ. በ2020 የመኪና አምራቾች ገበያው ሲቀዘቅዝ የቺፕ (የትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ገበያው ሲመለስ ተራው በሌሎች ተይዞ ነበር። ቺፕ ደግሞ ተሠርቶ ለማለቅ ወራት ይፈጃል። በ2021 ሊያልቁ ጥቂት የቀራቸው መኪኖች ቺፕ እየጠበቁ ሜዳ ላይ ቆሙ።

«መንገዱ ከተከፈተ አለቀ»

አላለቀም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝ ቦይን ለ6 ቀናት ዘጋች። ከ400 በላይ መርከቦች ተሰልፈው ጠበቁ። ቦዩ ሲከፈት የዘገዩት መርከቦች ወደቦች ላይ ተያይዘው ደረሱ፤ ወረፋውም ወደዚያ ተዛወረ።

«ደጋግሞ መደወል ያፋጥናል»

የእናንተ ሥራ ቢቀድም የሌላው ወደኋላ ይገፋል። ማሽኑም እንደገና መስተካከል አለበት። «መቼ ያልቃል?» ብሎ ከመጨቅጨቅ «አሁን ምን እየጠበቀ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ሂደት ላይ ነው» መልስ አይደለም። የጎደለውን ዕቃና የሚገባበትን ቀን የሚነግራችሁ ሰው ግን ጉዳዩን ያውቀዋል።