ቺቶርጋር፦ ስለ ራጅፑቶች አምባ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን ግዛት፣ ከዙሪያው ሜዳ 180 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ረጅም ተራራ አለ። ጎኑ ገደል፣ አናቱ ለጥ ያለ ስለሆነ በአማርኛ «አምባ» ከማለት የተሻለ ስም አይገኝለትም። በዚህ አምባ ላይ የተሠራው ቺቶርጋር የሜዋር መንግሥት ራጅፑቶች፣ ማለትም የሂንዱ ተዋጊ መሳፍንት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት መናገሻቸው ያደረጉት ምሽግ ነው። ብዙ ሰው ስለ ምሽጉ የሚያውቀው ከፊልምና ከአስጎብኚ ትረካ ሲሆን፣ ይህ ትረካ ስለ አንዲት ንግሥት ውበትና ስለ ጀግኖች ሞት አብዝቶ ሲናገር ምሽጉ እንዴት ይሠራ እንደነበረ ግን ዝም ይላል። በእኔ እምነት የስሕተቶቹ ሁሉ ምንጭ ይህ ዝምታ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ቺቶርጋር የአንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው»

ቺቶርጋር ከቤተ መንግሥት ይልቅ በቅጥር የታጠረ ከተማ ነው ቢባል ይቀርባል። የአምባው ስፋት 280 ሄክታር ገደማ ነው፤ የቅጥሩ ዙሪያም 13 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በውስጡ ቤተ መንግሥቶች፣ የሂንዱና የጃይን (የሌላ ጥንታዊ የህንድ ሃይማኖት) ቤተ መቅደሶች፣ ኩሬዎችና የመኖሪያ ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ዛሬም ድረስ ሰው የሚኖርበት ምሽግ ነው። የሠራውም አንድ ሰው አይደለም። የአካባቢው ትውፊት ጅማሬውን ሞሪ ለተባሉ ገዢዎች ይሰጣል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት የሜዋር ነገሥታት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩበት። ከሁሉ ይበልጥ የገነባው ከ1433 እስከ 1468 የነገሠው ራና (ማለትም ንጉሥ) ኩምባ ሲሆን፣ በሮቹንና ቅጥሩን ያጠናከረው፣ ዛሬ የምሽጉ መለያ የሆነውን ታላቁን የድል ማማም ያቆመው እርሱ ነው።

«ገደሉ ስለሚጠብቀው ተደፍሮ አያውቅም»

ይህ በሕንድ ስለሚገኙ የተራራ ምሽጎች በጅምላ የሚነገር አባባል ነው፤ ለቺቶርጋር ግን ፈጽሞ አይሠራም። አምባው ሦስት ጊዜ ተይዟል፤ በ1303 በዴልሂው ሱልጣን በአላውዲን ኻልጂ፣ በ1535 በጉጃራቱ ሱልጣን በባሃዱር ሻህ፣ በ1568 ደግሞ ሰሜን ህንድን ይገዛ በነበረው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በአክባር። ሆኖም ሦስቱም ድሎች በቀላሉ አልተገኙም። አላውዲን ከጥር እስከ ነሐሴ ወር ሰባት ወር ያህል ከብቦ ቆይቷል፤ አክባርም አራት ወር ፈጅቶበታል።

ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለመረዳት በምዕራብ በኩል ያለውን የመውጫ መንገድ ማየት ይበቃል። መንገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በላዩም ፓዳን፣ ባይሮን፣ ሃኑማን፣ ጋኔሽ፣ ጆድላ፣ ላክሽማን እና ራም የተባሉ ሰባት በሮች ተራ በተራ ቆመዋል። በዚያ ዘመን በር የሚሰብረው ዝሆን ነበር፤ ዝሆን ደግሞ በሩን በግንባሩ ለመግጨት መንደርደሪያ ሜዳ ያስፈልገዋል። በጠመዝማዛና ዳገታማ መንገድ ላይ መንደርደሪያ የለም። ጆድላ የተባለው በር ከላክሽማን በር ጋር እጅግ ከመቀራረቡ የተነሣ የታችኛው በር ቅስት አናት ከላይኛው በር መሠረት ጋር ተያይዟል፤ አንዱን ሰብሮ የገባ ጠላት ወዲያውኑ ከሌላ በር ጋር ይፋጠጣል ማለት ነው።

ይህን የተረዳው አክባር በበሮቹ በኩል ለመግባት ከመድከም ይልቅ ቅጥሩን ራሱን ለመናድ ወሰነ። ሠራተኞቹ ሳባት የሚባል፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው የተሸፈነ መንገድ ከጥይት ርቀት ውጭ ጀምረው ወደ ግንቡ እያጠማዘዙ ሠሩ። ስፋቱና ከፍታው ዝሆን የሚያሳልፍ ነበር። ከላይ በሚወርደው ተኩስ በየቀኑ ብዙ ሠራተኛ ይሞት ነበር። ከቅጥሩ ሥርም ሁለት ጉድጓዶች ተቆፍረው ባሩድ ተሞሉ፤ የመጀመሪያው ፈንድቶ ግንቡን ሲንደው ወታደሮቹ ወደ ክፍተቱ ሮጡ፤ ሁለተኛው ግን ዘግይቶ በመካከላቸው ስለፈነዳ የአክባርን የራሱን ሰዎች ፈጀ። ከዚህ በኋላም ምሽጉ ሁለት ወር ገደማ ጸንቶ ቆይቷል። ገደሉ ብቻውን ምሽግ እንዳልሆነ፣ መሐንዲሱም ብቻውን ድል እንዳላመጣ የሚያሳይ ታሪክ እንደዚህ ያለ ሌላ ጥቂት ነው።

«በመጨረሻ የተሸነፉት ውኃ ስላለቀባቸው ነው»

ምሽግ በተራራ አናት ላይ ሲሆን ይህ ግምት ተፈጥሯዊ ነው፤ በቺቶርጋር ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በአምባው ላይ በአንድ ወቅት 84 የውኃ ማጠራቀሚያዎች እንደነበሩ ይነገራል፤ ዛሬ 22ቱ ይታያሉ። ዋናው የውኃ ምንጭ የክረምቱ ዝናብ ነው። በአምባው ላይ የወረደው ዝናብ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ወደ ኩሬዎቹ ይፈስሳል፤ ኩሬዎቹም በግድብ ተከትረው ለበጋው ይቆያሉ። በምዕራቡ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ጋውሙክ ደግሞ ከዓለት ውስጥ የሚፈልቅ ምንጭ ሲሆን፣ ውኃው የላም አፍ ሆኖ በተቀረጸ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ስሙም «የላም አፍ» ማለት ነው። የምሽጉ እውነተኛ ጥበብ በግንቡ ውፍረት ሳይሆን በእነዚህ ገንዳዎች ላይ ነው ብል አጋንኛለሁ ብዬ አላስብም። በ1568 ምሽጉን የጣለው ጥማት አልነበረም፤ የተናደ ግንብና የአዛዡ ሞት ነው።

«የ1303ቱ ጦርነት የተነሣው በፓድሚኒ ውበት ምክንያት ነው»

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ትረካ ይህ ነው። አላውዲን የንጉሥ ራታን ሲንግን ሚስት የፓድሚኒን ውበት ሰምቶ እርሷን ለመውሰድ ዘመተ፣ እርሷም ከሴቶቿ ጋር ወደ እሳት ገባች ይባላል። ገጣሚው አሚር ኹስሮ በ1303 ከሱልጣኑ ጋር አብሮ ዘምቶ ያየውን ጽፏል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ፓድሚኒ የምትባል ንግሥት የለችም። እንዲያውም የቺቶሩ ንጉሥ እጁን ሰጥቶ ምሕረት እንዳገኘ ይናገራል። የፓድሚኒን ታሪክ የምናገኘው ማሊክ ሙሐመድ ጃያሲ የተባለ የሱፊ ገጣሚ በ1540 በአዋዲ ቋንቋ በጻፈው ፓድማቫት በተሰኘው ረጅም ግጥም ውስጥ ነው፤ ከከበባው 237 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዴልሂ ቺቶርን ለመያዝ የቆንጆ ሴት ምክንያት አያስፈልጋትም ነበር፤ አምባው ጎረቤት ግዛቶች ወደሆኑት ወደ ማልዋና ወደ ጉጃራት የሚወስዱትን መንገዶች ይቆጣጠር ነበርና።

ጎብኚዎች «የፓድሚኒ ቤተ መንግሥት» እየተባለ የሚያዩት፣ በኩሬ መካከል የቆመው ነጭ ሕንፃም አሁን ያለውን መልክ ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተደረገለት ዳግም ግንባታ ነው። ይህን ማለቴ ታሪኩን በልባቸው የያዙትን ሰዎች ለማቃለል አይደለም። በ1535 እና በ1568 በቺቶርጋር ሴቶች ከመማረክ ይልቅ በኅብረት ወደ እሳት መግባታቸው፣ ማለትም ጃውሃር መፈጸማቸው፣ በታሪክ የተመዘገበ ነው። የእነዚያ ሴቶች አብዛኛዎቹ ስማቸው አልተጻፈም፤ ስሟ በሁሉ አፍ ያለችው ግን ግጥም ውስጥ ያለችው ናት። ይህ ያሳዝነኛል።

«የሂንዱና የሙስሊም ጦርነት ነበር»

በ1568 የሆነውን በቅርብ ለሚመለከት ሰው ይህ ክፍፍል አይጸናም። አንድ ሌሊት፣ አክባር በፍርስራሹ ላይ የግንቡን ጥገና የሚመራ ጥሩር የለበሰ ሰው አይቶ ሳንግራም በተባለው ነፍጡ እንደተኮሰበት የዜና መዋዕል ጸሐፊው አቡል ፋዝል ጽፏል፤ የተመታውም የምሽጉ አዛዥ ጃይማል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከምሽጉ ውስጥ በየቦታው እሳት ሲነሣ፣ ይህ ጃውሃር መሆኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ያስረዳው አብሮት የዘመተው የአምበሩ ራጅፑት ባግዋንት ዳስ ነው። ሳባቱን ካሠሩት ሹማምንት አንዱ ቶዳር ማልም ሂንዱ ነበር። ከምሽጉ ውስጥ ደግሞ ከካልፒ የመጡ ሙስሊም ነፍጥ ተኳሾች ከራጅፑቶቹ ጎን ሆነው አጥቂዎቹን አስጨንቀዋል። ምሽጉ ሲወድቅ ግን አክባር በውስጡ ተጠልለው የነበሩ ወደ 30,000 የሚጠጉ ባላገሮች እንዲገደሉ አዘዘ፤ ይህ በማንም ወገን ትረካ ሊለሰልስ አይገባውም።

«ሁለቱ ማማዎች የአንድ ድል መታሰቢያ ናቸው»

አይደሉም። 22 ሜትር ቁመት ያለው ኪርቲ ስታምባ አንድ የጃይን ነጋዴ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ለጃይኖች የመጀመሪያ መምህር ለአዲናት ክብር ያሠራው የሃይማኖት ማማ ነው። 37 ሜትር ቁመትና ዘጠኝ ፎቅ ያለው ቪጃይ ስታምባ ግን ራና ኩምባ በማልዋው ሱልጣን ላይ ለተቀዳጀው ድል ያቆመው ሲሆን፣ ያለቀውም በ1448 ነው። በአምስተኛው ፎቅ ላይ የመሐንዲሱ የጃይታና የልጆቹ ስም ተቀርጿል፤ በማማው ላይ ከሂንዱ አማልክት ጋር የአላህ ስም በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

«ፍርስራሹ ሁሉ የአክባር ጦር ሥራ ነው»

የሜዋሩ ንጉሥ ራና ኡዳይ ሲንግ ከመጨረሻው ከበባ በፊት፣ በ1559፣ ኡዳይፑርን መመሥረት ጀምሮ ስለነበር ቺቶር ከ1568 በኋላ መናገሻነቷን አጣች። በ1615 ሜዋር ከአክባር ልጅ ከንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ጋር ሲታረቅ አምባው ተመለሰለት፤ ነገር ግን ቅጥሩ እንዳይጠገን የሚከለክል ግዴታ ገባ። የሜዋር ሰዎች ውለው አድረው ቅጥሩን መጠገን ሲጀምሩ የጃሃንጊር ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በ1654 ጦር ልኮ የታደሰውን ክፍል አስፈረሰው። ስለዚህ ዛሬ በቅጥሩ ላይ የሚታየው ክፍተት ሁሉ የ1568ቱ ባሩድ ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ ከ86 ዓመት በኋላ፣ ጦርነት ሳይኖር፣ በስምምነት ስም በዶማ የፈረሰ ነው።