ዱቲ ሳይክል ምንድን ነው? የአድ ሆክ ኔትወርክ ባትሪ የሚያልቀው ምን ላይ ነው?

አድ ሆክ ኔትወርክ ራውተርም ሆነ የስልክ ታወር የለውም። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ አንዱ የላከውን መሃል ያለው ተቀብሎ ለቀጣዩ ያሻግራል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በባትሪ ነው። ጫካ ውስጥ ወይም ድልድይ ላይ ተተክለው ከቀሩ ደግሞ ቶሎ ደርሶ ባትሪ የሚቀይርላቸው የለም።

ባትሪውን የሚጨርሰው መላክ ይመስላል። ግን አይደለም። በሴንሰር ኔትወርክ (ሙቀትና የመሳሰሉትን የሚለኩ መሣሪያዎች በሚያያዙበት ኔትወርክ) ምርምር ብዙ ያገለገለውን ሲሲ2420 የተባለ የሬዲዮ ቺፕ እንይ። በሙሉ ኃይሉ ሲልክ 17.4 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ሲቀበል 18.8። አንድም መልእክት ሳይመጣ ጆሮውን ከፍቶ ሲጠብቅም ያው 18.8 ነው! ትልቁ ብክነት ይሄ ነው፤ የሚናገር በሌለበት ማዳመጥ።

ዱቲ ሳይክል የምንለው ሬዲዮው ከጠቅላላው ጊዜ ስንት በመቶውን በርቶ እንደሚቆይ ነው። 1 በመቶ ከሆነ፣ በየሰከንዱ ለ10 ሚሊሰከንድ ያህል ነቅቶ የቀረውን ይተኛል። እስቲ እናስላው። እያንዳንዳቸው 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዙ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች በተከታታይ ተያይዘዋል እንበል። ሬዲዮው ሁሌ ክፍት ከሆነ በ133 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በአምስት ቀን ተኩል ያልቃሉ። በ1 በመቶ ግን የሬዲዮው ፍጆታ ብቻ ቢታሰብ አንድ ዓመት ተኩል ይዘልቃሉ። ፕሮሰሰሩና ሴንሰሩም ድርሻቸውን ስለሚወስዱ በተግባር ከዚህ ያንሳል። ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው።

ችግሩ፣ የተኛ ጎረቤት አይሰማም። በ2002 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኤስ-ማክ የተባለ ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ) ጎረቤታሞቹ ሰዓት ተስማምተው አብረው እንዲተኙና አብረው እንዲነቁ ያደርጋል። ሰዓታቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛነፍ ግን በየጊዜው መናበብ አለባቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የመጣው ሌላው ፕሮቶኮል፣ ቢ-ማክ፣ ስምምነት አይፈልግም። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ለአፍታ ነቅቶ አየሩን ይፈትሻል፤ ላኪው ደግሞ ተቀባዩ እስኪነቃ የሚበቃ ረጅም መቀስቀሻ ከመልእክቱ ያስቀድማል። ወጪው ወደ ላኪው ዞረ ማለት ነው። መልእክት አልፎ አልፎ ብቻ ለሚላክበት ኔትወርክ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

መዘግየቱም አይረሳ። እያንዳንዱ ቅብብል እስከ 1 ሰከንድ ከጠበቀ፣ አሥር ቅብብል እስከ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ለሙቀት ልኬት ምንም አይደል፤ ለእሳት ማንቂያ ግን ከባድ ነው።

ሬዲዮውን ማስተኛት ብቻውንም አይበቃም። ሁሉም መልእክት በአጭሩ መንገድ ከሄደ መሃል ያለው መሣሪያ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል፤ ሌላ መሻገሪያ ከሌለም ኔትወርኩ ለሁለት ይቆረጣል። ስለዚህ መንገድ ሲመረጥ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ በመንገዱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች የቀራቸው ባትሪም መታየት አለበት።