«ሲክስ ጂ ነው፤ የማይበይደው የለም» ለምትሉ

ኮምቦልቻ ላይ የቱቦ ሥራ በተጀመረ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። «አብሽር፣ ልጁ ሲክስ ጂ ነው።» ሰልችቶኛል። የማወራው የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ስለሚያወጣው የብየዳ ፈተና ደንብ፣ ስለ አስሜ ኮድ ክፍል 9 ነው፤ ሌሎች ኮዶች የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

ሲክስ ጂ በበያጅ ፈተና ላይ ቱቦው የሚታሰርበት አቀማመጥ ስም ነው። ቱቦው በ45 ዲግሪ ዘምሞ ይታሰራል። አይሽከረከርም፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ይህን ያለፈ ሰው በየትኛውም አቀማመጥ እንዲበይድ ይፈቀድለታል፤ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ግን የቱቦው ዲያሜትር፣ የብየዳው ውፍረት፣ የብየዳው ዓይነት አርጎን ነው ወይስ ኤሌክትሮድ፣ የሚበየደው ወደ ላይ እየወጡ ነው ወይስ ወደ ታች እየወረዱ የሚሉት ሁሉ የየራሳቸው ወሰን አላቸው።

ሰው የማያምነኝ ዲያሜትሩ ላይ ነው። በ6 ኢንች ቱቦ የተፈተነ ሰው 2 ኢንች መበየድ አይፈቀድለትም። የውጭ ዲያሜትሩ ከ73 ሚሊ በላይ በሆነ ቱቦ ከተፈተነ፣ ከ73 ሚሊ በታች መውረድ አይችልም። 2 ኢንች የምንለው ደግሞ ከውጭ ሲለካ 60.3 ሚሊ ነው። በ2 ኢንች የተፈተነ ግን ከ25 ሚሊ ጀምሮ ወደ ላይ ገደብ የለውም።

እዚሁ አንድ ፋብሪካ የእንፋሎት መስመር ስንዘረጋ፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ የሚመጣ ጎበዝ ልጅ ነበር። ወረቀቱ የ6 ኢንች፣ ሥራው የ2 ኢንች። አስቆምኩት። ኃላፊው «ትልቁን የበየደ ትንሹ ያቅተዋል?» ብሎ ተቆጣ። ልጁም «ጋሼ፣ አልፌያለሁ እኮ» አለኝ። በ2 ኢንች ፈተንነው። ናሙናውን ቆርጠን ስናጥፈው ሩቱ፣ ማለትም ከሥር የሚበየደው የመጀመሪያው ንብርብር፣ ተሰነጠቀ። ቱቦው ሲጠብ ክቡ ቶሎ ይዞራል፤ እጅ በየቅጽበቱ ማዕዘን መቀየር አለበት፤ ሙቀቱም መሄጃ ያጣል። ልጁ አንድ ሳምንት ተለማምዶ በድጋሚ ተፈተነና አለፈ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ለፈተና ገንዘብ ካወጣችሁ ግድግዳው ወፍራም የሆነ 2 ኢንች ምረጡ። ኮዱ የሚፈቅድላችሁ የሞላችሁትን ውፍረት እጥፍ ነው። የቱቦው የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ስኬጁል 160 ከሆነ 8.74 ሚሊ ነው፤ እስከ 17 ሚሊ ያስኬዳችኋል። ሩቱን በአርጎን፣ ቀሪውን በኤሌክትሮድ ከሞላችሁ ግን የሁለቱም ውፍረት ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። 13 ሚሊና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ በ3 ንብርብር የሞላ ሰው የውፍረት ጣሪያ የለበትም።

ሌሎችም የምሰማቸው አሉ። «ደብሊው ፒ ኤስ ካለ በያጁን መፈተን አያስፈልግም።» ያስፈልጋል። ደብሊው ፒ ኤስ ብየዳው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ጽሑፍ፣ ማለትም ፕሮሲጀር ነው። የፕሮሲጀሩ ፈተና ብረቱና ብየዳው ጥንካሬ እንዳላቸው ያሳያል። የበያጁ ፈተና የሚያየው እጁን ነው።

«በላሜራ የተፈተነ ፕሮሲጀር ለቱቦ አይሆንም።» ይሆናል፤ ውፍረቱን ግን እዩ።

«ሰርተፊኬት በዓመት ያልቃል።» የሚያልቀው በዚያ የብየዳ ዓይነት 6 ወር ሳይበይዱ ሲቆዩ ነው። አርጎን እየሠራችሁ ኤሌክትሮድ ካልነካችሁ፣ የሚያበቃው የኤሌክትሮዱ ነው። መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ በምን እንደበየዳችሁ መዝግቡና አሠሪያችሁን አስፈርሙ።