ቾፕ ምንድን ነው? ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ቾፕ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው በካርቶን ከሚመጣ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የገጣጠመውን ትንሽ የመኪና ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. የ1949 ሜርኩሪን (የፎርድ ኩባንያ መኪና ነው)፣ እያሳየ «ቾፑን እዩልኝ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው» ሲል ሰማሁ። እውነት ነው፣ ምንም አልቀረውም። ጣሪያው ግን ከካርቶኑ ሲወጣ እንደነበረው ነው። የፊት መስታወቱ ሙሉ ነው፣ የጎን መስኮቶቹም ሙሉ ናቸው። ሰውየው የሚያወራው ስለ ጎማና ስለ ባሌስትራ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ከጣሪያ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ባለፍኩት ነበር፤ አሁን ግን በየቦታው ሆነ።

ቾፕ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ተቆርጠው ከመካከላቸው ቁራጭ ይወጣል፤ ጣሪያው ወርዶ በቀሪው ላይ ይገጠማል። ከመስኮቱ ግርጌ በታች ያለው ቦዲ አይነካም። መኪናው ከመሬት ስንት ከፍ ብሎ ቆመ የሚለው ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለበትም። ባሌስትራው ሳይነካ ከፍ ብሎ የቆመ ቾፕ የሆነ መኪና አለ፤ አስፋልት ሊልስ የደረሰ፣ ጣሪያው ግን ያልተነካ መኪናም አለ።

በልብስ ላስረዳ። ሱሪውን ወደ ዳሌው አውርዶ የታጠቀ ሰው ሱሪውን አላሳጠረም፤ አታጣጠቁን ነው የለወጠው። መኪና ማውረድ ይህ ነው፤ ሞዴል ላይ አክስሉ የሚያርፍበትን ቦታ በመሞረድ ይሠራል። ቻነሊንግ ሌላ ነው። የቦዲው ወለል ተቆርጦ ከፍ ብሎ ይገጠማል፤ ቦዲው እንደ ረጅም ሸሚዝ ሻንሲውን ሸፍኖ ይወርዳል። ሴክሽኒንግ ደግሞ ሸሚዙን ወገቡ ላይ ቀዶ ዙሪያውን ቁራጭ ማውጣት ነው፤ መጋዙ በሩንም ፓራፋንጎውንም መሐል ለመሐል ያልፋል። ሦስቱም መኪናውን ያሳጥሩታል፣ ሦስቱም የመስኮቶቹን ቁመት አይነኩም። ቃላቱን የምጠብቀው ለክርክር ብዬ አይደለም። አንድ ጀማሪ «ይህን ቾፕ እንዴት ሠራኸው?» ብሎ ጠይቆ ስለ አክስል መልስ ካገኘ፣ መጋዝ ይዞ ምሰሶው ላይ ሲደርስ ምንም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ነገሩ የተጀመረው ከፍጥነት ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ የሚሽቀዳደሩት ሰዎች የፎርዳቸውን ጣሪያ ይቆርጡ የነበረው ነፋስ የሚጋፋውን የፊት ስፋት ለመቀነስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ወደ ውበት ዞረ። መኪና አሳማሪዎቹ ባሪስ ወንድማማቾች የሠሩት፣ ሂሮሃታ ሜርክ የሚባለው የ1951 ሜርኩሪ ጣሪያው ከመውረዱ በላይ መካከለኛው ምሰሶ ጨርሶ ወጥቶለታል። ዛሬ ብዙዎቻችን በፕላስቲክ ልንደግመው የምንደክመው ያንን መስመር ነው።

ያው ሰው ታዲያ ሳርመው ምን አለ? «እሺ፣ አራት ሚሊሜትር ቆርጦ መልሶ ማጣበቅ ነው፤ ምን ያስቸግራል?» አለ። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ቁጥሩ ልክ ነው። በ1፡25 ልኬት፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ ሲያንስ፣ የእውነተኛው 1 ኢንች 1.016 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ ኢንቹን እንዳለ ሚሊሜትር ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ የ4 ኢንች ቾፕ 4 ሚሊሜትር ነው። በ1፡24 ግን 4.2 ይሆናል፤ ከሁለት ዓይነት ካርቶን ዕቃ የምታደባልቁ ይህን ልብ በሉ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው አለመቆማቸው ላይ ነው።

ወደ ሱሪው ልመለስ። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ጠርዙ ላይ ጥልፍ ያለበት ሱሪ አሳጥር የተባለ ልብስ ሰፊ ከጠርዙ አይቆርጥም፤ ጥልፉ ይጠፋበታል። ጉልበቱ ላይ ቆርጦ ቁራጩን ያወጣና የቀሩትን ሁለቱን ሊያገናኝ ይሞክራል። ያኔ የላይኛው አፍ ከታችኛው ሰፍቶ ያገኘዋል። የመኪናው መስኮትና ጣሪያ የተገለበጠ ሱሪ ነው፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠባብ። መካከሉን ስታወጡ ጠባቡ አናት ሰፊው ግርጌ ላይ ይወርዳል፣ አይገጥምም።

በቁጥር እንየው። የፊት ምሰሶው 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ቢሆን፣ 4 ሚሊሜትር ሲወጣ የላይኛው ቁራጭ ከታችኛው ጉቶ 2.3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። የኋላው 45 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነበለ ቢሆን የላይኛው ቁራጭ ከጉቶው ሙሉ 4 ሚሊሜትር ወደ ፊት ይቀራል። ጎኖቹ 10 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘነብሉ በየጎኑ 0.7 ይጎድላል። እኔ የመጀመሪያውን ሜርኩሪዬን ስቆርጥ ይህን አላሰላሁም። ጣሪያውን ጎትቼ ፊት ለፊት ሁለቱን ምሰሶዎች ጉቶዎቻቸው ላይ አሳረፍኳቸውና በወረቀት ፕላስተር ያዝኳቸው። ከዚያ ቦዲውን አዞርኩት፤ የፊቱና የኋላው ጉድለት አንድ ላይ ተጠራቅሞ ከኋላ ስለቀረ፣ በጣሪያውና በሻንጣው ክዳን መካከል በተከፈተው ቦታ ሞረዴ ከነጫፉ ገብቶ ወጣ። በስቱኮ የሚሞላ ክፍተት አልነበረም።

መውጫው ሦስት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ጣሪያውን መሐል ለመሐል አግድም ቆርጦ የፕላስቲክ ቁራጭ በማስገባት ማስረዘም ይቻላል። ልብስ ሰፊው የጨርቅ ማስፋፊያ እንደሚያስገባው ማለት ነው። የፊት ምሰሶውን ግርጌው ላይ በስሱ ሰንጥቆ ይበልጥ ወደ ኋላ ማስተኛትም አለ። ሜርኩሪ ላይ የተለመደው ግን የኋላውን መስታወት ጨርሶ አለመቁረጥ ነው። ከነክፈፉ ከጣሪያው ይለያል፣ ግርጌው ባለበት ይቆያል፣ አናቱ ወደ ፊት ይተኛና የወረደውን ጣሪያ እዚያ ይቀበለዋል። የቾፕ ሜርኩሪ ጀርባ አንድ ወጥ ሆኖ ሲፈስ የምታዩት ከዚህ የተነሳ ነው። ከ1928 እስከ 1931 የተሠራው የፎርድ ሞዴል ኤ ምሰሶዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ እዚያ ላይ ይቀልላል፤ ጀማሪ የጠየቀኝ እንደሆነ ከሱ ጀምር ነው የምለው።

መጋዙም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀጭኑ የሞዴል መጋዝ እንኳ በአንድ ቁርጥ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ዱቄት ያደርጋል። ሁለት ቦታ ስትቆርጡ ግማሽ ሚሊሜትር ሄደ፤ እውነተኛው መኪና ላይ ከ12 ሚሊሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መጋዙ የሚሄደው መስመሩ ላይ ሳይሆን በሚጣለው ቁራጭ በኩል ነው፤ የቀረውን ሞረድ ይጨርሰው።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ ስፌት የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ቀጭኑ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ጠርዝ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ጥንካሬው ግሩም ነው። ነገር ግን ሟሟው ተንኖ እስኪያልቅ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ መኮማተሩን አይተውም። ቸኩሎ ቀለም የቀባ ሰው ከሳምንታት በኋላ በሚያበራው ቀለም ላይ ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ሲወጣ ያያል። ከአንድ ቱቦ የሚወጣው ስቱኮም እየደረቀ ስለሚሰረጉድ፣ እንዲህ ላለ መገጣጠሚያ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክረውን ነው የምመርጠው። በሱፐር ግሉ የሚሞሉም አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን በዚያው ቀን ብርጭቆ ወረቀት ምቱት። ካደረ ከፕላስቲኩ ይበልጥ ስለሚጠነክር ወረቀቱ ዙሪያውን እየበላ መሐሉን ጉብታ አድርጎ ይተወዋል። ቦዲው ሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ) ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ማጣበቂያው ጨርሶ አይሠራም፤ ዱቄቱም ለሳንባ ክፉ ነው፣ ውሃ እያስነካችሁ ሞርዱ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

መስታወቱ ይቀራል። በካርቶኑ የመጣው መስታወት ለድሮው ቁመት የተሠራ ነው፤ ልቁረጠው ብትሉ ያ ጠንካራ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ወጥቶ ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ለሆኑት መስኮቶች ከስስ ግልጽ የፕላስቲክ ሉህ አዲስ መቁረጥ ይሻላል። መጀመሪያ በወረቀት ልክ አውጡ፣ በአዲሱ መስኮት ውስጥ ሞክሩት፣ ከዚያ ሉህ ላይ ገልብጡት። ስታጣብቁ ሱፐር ግሉውን አርቁት፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ነጩ የእንጨት ማጣበቂያ በጠርዙ ዙሪያ በጥርስ እንጨት ጫፍ ሲቀባ መጀመሪያ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ይጠራል።