ክራኒዮሳክራል ልትማሩ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ወሬዎች እናጥራ

ደሴና ኮምቦልቻ ማሳጅ የሚሠሩ ልጆች ክራኒዮሳክራል ስለሚባለው የስስ ንክኪ ሕክምና ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሥልጠናው በኦንላይንም ይሸጣል። ደንበኛው ልብሱን ሳያወልቅ በጀርባው ይተኛል። ባለሙያው ጭንቅላቱን፣ ወይም ከወገብ በታች ያለውን ሳክረም የሚባል አጥንት፣ በስሱ ይዞ ይቆያል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ወሬው ግን በዝቷል።

«ያው የወጌሻ ሥራ ነው።»

አይደለም። ወጌሻ ያሻል፣ ይጎትታል፣ የወለቀ ይመልሳል። እዚህ የሚመከረው ጫና 5 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እጅ ላይ እንደማስቀመጥ። ጠንካራ እጅ ለለመደ ሰው ከባዱ ትምህርት ይሄ ነው፤ አውራ ጣት ሳይታዘዝ ይጫናል። ደንበኛውም «ኧረ ጠበቅ አድርገው፣ ለምን ከፈልኩ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀድሞ መንገር ነው።

«የጥንት የምሥራቅ ጥበብ ነው።»

መነሻው አሜሪካ ነው። ዊልያም ሰዘርላንድ የተባለ ኦስቲዮፓት (አጥንትና ጡንቻን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) የራስ ቅል አጥንቶች ይንቀሳቀሳሉ ብሎ ተነሣ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ሐሳቡን አሳተመ። አሁን የምናውቀውን መልክ የሰጠው፣ ሐኪም ላልሆኑም ያስተማረው ጆን አፕሌጀር ነው።

«የጭንቅላትን ምት በእጅ መስማት ይቻላል።»

ሥልጠናው የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚነቃነቀውም እዚሁ። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ ከልብ ምትም ከትንፋሽም የተለየ፣ በደቂቃ ከ6 እስከ 12 የሚደርስ የራሱ ምት አለው ይላሉ። ፈሳሹ መኖሩ እውነት ነው፤ አዋቂ ሰው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገኛል። ይንቀሳቀሳልም። የሚያንቀሳቅሱት ግን በዋናነት ልብና ትንፋሽ ናቸው። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ሰው ነክተው ምቱን እንዲቆጥሩ በተደረገባቸው ጥናቶች ቁጥራቸው አልገጠመም። የአዋቂ ራስ ቅል አጥንቶችም እርስ በርስ ተቆላልፈው የተያያዙ ናቸው፤ በ5 ግራም ንክኪ ቦታ አይለቁም። ታዲያ እጅ የሚሰማው ምንድን ነው? ምናልባት የደንበኛው ትንፋሽ፣ ምናልባትም የገዛ ጣታችሁ የደም ምት። ክፍል ውስጥ ሁሉም «ተሰማኝ» ሲል እናንተ ምንም ካልተሰማችሁ፣ አብሽሩ።

«እንግዲያው ዋጋ የለውም።»

ይሄም ልክ አይደለም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሞቅ ያለ እጅ፣ የማይቸኩል ሰው፤ ደንበኛው ዘና ይላል፣ አንዳንዱም ያንኮራፋል። ከማሳጅ በኋላ መዝጊያ ብታደርጉት ያምራል። እንደ እረፍት ሽጡት። «ማይግሬን ያድናል፣ ኦቲዝም ያድናል» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ግን ነውር ነው፤ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም።

«ስስ ንክኪ ማንን ይጎዳል?»

በቅርቡ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱ የተመታን፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰን ወይም የአንጎል ደም ሥሩ ያበጠን ሰው አትንኩ። ድንገት የጀመረ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ሰው በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፤ በእናንተ አልጋ የሚያጠፋት እያንዳንዷ ደቂቃ ጉዳት ናት።

ሕፃን ታቅፋ «ራሱን ቅረጹልኝ» የምትል እናትም ትመጣለች። እርግብግቢቱ እስከ 18 ወር ገደማ ክፍት ሊቆይ ይችላል። ቢለምኗችሁም እጃችሁን ሰብስቡና ወደ ሕፃናት ሐኪም ምሯቸው።